በሁለት ማሽን ሆድ ውስጥ የነበረ ጥለት

መጀመሪያ ያስፈራችኝ ቀስቷ ነበረች። ማውሱን ስገፋ እንዳሻት የምትሄደዋ ነጭ ቀስት ስክሪኑ ላይ የከፈትኩት መስኮት ውስጥ ገባችና አልወጣ አለች። ወደ ቀኝ ስገፋት ጠርዙ ላይ ደርሳ ትቆማለች፤ ወደ ላይ ስገፋትም እንደዚያው። ከጠርዙ ወዲህ የራሴ ኮምፒውተር፣ የራሴ ፋይሎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ልነካቸው ግን አልችልም። እጄ ውስጥ ቀርቶ ዓይኔ ብቻ ውጭ ያለ መሰለኝ። ኪቦርዱ ላይ በስተቀኝ ያለውን ኮንትሮል የሚባል ቁልፍ ስጫን እንደምትለቀቅ ስልኬ ላይ አንብቤ ደረስኩበት። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቀስቷ በገባች ቁጥር ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ እጠብቃት ነበር።

እዚያ ያደረሰኝ የጋሼ ጥለት ነው።

ጋሼ የምላቸው ሸማኔ ጎረቤታችን ናቸው። ከቁስቋም ቁልቁል ሲወረድ ግቢያችንን ከግቢያቸው የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ የሽመና ዕቃቸው ሲንኳኳ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ክር ከክር አይለዩም። መወርወሪያውን የሚወረውረው ወንድ ልጃቸው ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት ለሰፈሩ ሸማኔዎች ጥለት በኮምፒውተር የመሳል ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ሲያልቅ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ደረሳቸው። ሌሎቹ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ አደረጉት። ጋሼ ግን ከሥራ በኋላ እየተቀመጡ የሚያውቁትን ጥለት ሁሉ ካሬ በካሬ ሳሉበት። ኪቦርዱ አማርኛ ስለማይጽፍላቸው ለፋይሎቹ ስም አላወጡም፤ ቁጥር ብቻ ሰጧቸው። የትኛው ቁጥር የትኛው ጥለት እንደሆነ ያኔ ያውቁት ነበር።

የመጨረሻዋ ልጃቸው ከመስቀል በኋላ ልታገባ ነው። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ እናቷ በሰርጓ ቀን የለበሰችውን ጥለት። እናቷ በሕይወት የለችም። ቀሚሱም የለም፤ መጀመሪያ የሕፃናት መጠቅለያ፣ ቀጥሎ የትራስ ልብስ ሆኖ አለቀ። ጋሼ ራሳቸው ከጥለቱ የሚያስታውሱት መሐሉ ላይ ሰማያዊ ዓይን እንዳለና ዓይኑን ቢጫ እንደሚከበው ብቻ ነው። የክሩ ቁጥር ከእጃቸው ጠፍቷል። ልጃቸውን "ኮምፒውተሩ ያውቀዋል" ብለው አጽናኗት። ኮምፒውተሩ ደግሞ በሰኔ አልነሳም አለ።

"አንተ ከዚህ ነገር ጋር ነው የምትውለው" አሉኝ አንድ ቀን ጠዋት፣ አጥሩን ተደግፈው። "አስነሳልኝ፣ ልጄ። ልጅቷን ዋሽቼ እንዳልድራት።"

የምውለው ሽሮ ሜዳ፣ ከነጠላና ከጋቢ ሱቆቹ ጀርባ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ። በየጠረጴዛችን ላይ ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው። እውነተኛው ኮምፒውተር ጓዳ ውስጥ በቆርቆሮ በር ተቆልፎበት ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ አንድ ትልቅ ማሽን ነው። እሱ ሆዱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዳችን የየራሳችን ኮምፒውተር ያለን ያስመስለናል። ባለቤቱ ቨርቹዋል ማሽን ይለዋል።

"አንተ የምትተይብበት ኮምፒውተር የለም" አለኝ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን። "አለ ብለህ ስለምትተይብበት ነው ያለው።"

እሱ ሲቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን ለብዙ ቀን ቁልፎቹን ስነካ በረዶ ላይ እንደሚራመድ ሰው ቀስ እያልኩ ነበር።

ማሽኑ ሌላም ጠባይ ነበረው። ደንበኛ ቫይረስ ያለበት ፍላሽ እየሰካ ስላስቸገረ፣ ባለቤቱ ኮምፒውተሮቻችን በተዘጉ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ንጹሕ መልካቸው እንዲመለሱ አድርጎ አሰናድቷቸዋል። ቀን የገባው ሁሉ ሲዘጋ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ የለፋሁበት ግጥም እንዲሁ ጠፍቶብኝ፣ ጠዋት ስከፍተው ጀርባው ላይ ያለው አረንጓዴ ኮረብታ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ስልኬ ላይ ነው።

የጋሼ የጥለት ፕሮግራም ደግሞ በድሮው ዊንዶውስ ካልሆነ አይከፈትም። የድሮው ዊንዶውስ በእኛ ቤት የለም። የቀረው መንገድ በእኔ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሌላ ቨርቹዋል ማሽን ፈጥሮ፣ የጋሼን ኮምፒውተር እንዳለ እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ለባለቤቱ ስነግረው ሳቀ።

"በሌለ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ የሌለ ኮምፒውተር? ይሠራል። ይንቀራፈፋል እንጂ ይሠራል። ዋናው ላይ አንድ ነገር ማብራት አለብኝ።" ወደ ጓዳው እየገባ ዞር አለና፣ "ሦስተኛ እጨምራለሁ ካልክ ግን አንተም እዚያው ትቀራለህ" አለኝ።

የጋሼን ሃርድ ዲስክ ከአሮጌው ሳጥን አውጥተን ያለውን ሁሉ ቀዳን። እየቀዳን ሳለ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ቅጂው እንዳለቀ ዝም አለ። ደግመን ስንሰካው አልተነሳም፤ ባለቤቱ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የጋሼ ጥለቶች ያሉት አሁን በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ሲዘጋ ሁሉን የሚረሳው ውስጥ።

ወዲያው ፍላሼ ላይ ልገለብጠው ሞከርኩ። ፍላሹ ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው ብሎ መለሰው።

"ትልቁ ዲስክ ዊንጌት፣ ቤት ነው ያለው" አለ ባለቤቱ። "ሄጄ አመጣዋለሁ። እስከዚያ እየከፈትክ ጥለቶቹን በፎቶ መልክ አንድ በአንድ ፍላሽ ላይ አውጣቸው። ብቻ እንዳትዘጋው።"

እንዳትዘጋው ያለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ስክሪኔ ታች ሁለት መስመር ነበር፣ አንዱ የጋሼ ማሽን፣ አንዱ የእኔ፤ የውስጡም የውጩም በግራ ጥጋቸው መክፈቻ፣ ከመክፈቻው ሥር መዝጊያ አላቸው። የውስጡን ብዘጋ ግድ የለም፣ ተመልሶ ይነሳል። የውጩን ብዘጋ ሁለቱም ይሄዳሉ። ማውሱን በነካሁ ቁጥር የትኛው ውስጥ ነኝ እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር።

የውስጡ ማሽን ሌላ ማሽን ውስጥ መሆኑን አያውቅም። ሲነሳ የድሮውን ሙዚቃውን አጫወተ፤ አሁንም በጋሼ አሮጌ ሳጥን ውስጥ፣ ቤታቸው መስኮት ሥር የተቀመጠ መስሎት። ከሥሩ ያለው ማሽን ራሱ የሌለ መሆኑን የሚነግረው የለም። እኔንስ ማን ነገረኝ ብዬ ጀመርኩና ሐሳቡን ተውኩት።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። ቀለሙ ድኻ ነበር። ጥለቶቹ ከጥቂት ቀለማት ሌላ እንደሌላቸው ተጨፍልቀው ነው የሚታዩት። ለባለቤቱ ከመውጣቱ በፊት አሳየሁት። "ከሁለት ግድግዳ ጀርባ ሆነህ እያየኸው ነው፣ ምን ትጠብቃለህ? ፎቶው ላይ ደህና ይሆናል" አለኝና ጃንጥላውን ይዞ ሄደ።

ከሰዓት ጋሼ መጡ። ጋቢያቸው በዝናብ ረጥቦ ስለነበር የባለቤቱ እኅት ከፊተኛው ጠረጴዛዋ ተነስታ ፕላስቲክ ወንበር አጠገቤ አመቻቸችላቸው። ገንዘብ የምትቀበለውና ኮፒ ማሽኑን የምትቆጣጠረው እሷ ናት።

"ጋሼ፣ ይጠንቀቁት" አለቻቸው። "ይሄ ልጅ ጥለቱንም ግጥም ያደርግብዎታል።"

"ቤት ይመታል እንጂ ቤት አያፈርስም" አሉ ጋሼ፤ እሷም ሳቀች።

ሰማያዊ ዓይን ያለውን በቀጥታ እንፈልግ ስላቸው እንቢ አሉ። "አንዱን ረግጬ ሌላው ጋ አልሄድም። ከአንድ ጀምር።" ስለዚህ ከአንድ ጀመርን። አንዱን ለመክፈት ማሽኑ ረጅም ጊዜ ያስባል፤ ፎቶ አድርጎ ለማውጣት ደግሞ የበለጠ። እኔ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ለማን እንደሠሩት ያወሩኛል። ይሄ ለቄስ ሚስት። ያ ዋጋ ተከራክራ ተከራክራ ጥላው ለሄደች ሴት። ፍላሹ ላይ አንድ በአንድ ሲገቡ ልቤ ትንሽ እየረጋ ነበር።

መብራቱ መጀመሪያ ብልጭ ድርግም አለ። ከዚያ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ሰፈር መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ማንም አያስብም፤ ፍሪጅ ለመንቀል፣ ቴሌቪዥን ለማጥፋት የሚሮጠው እግር ነው። የባለቤቱ እኅት ደግሞ በዚህ ማንም አይቀድማትም። ከፊት ጠረጴዛዋ ሁላችንንም በአንድ ጊዜ የምትዘጋበት ቁልፍ ተሰጥቷታል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ዕቃ እንዳይቃጠል ብላ ትዘጋናለች፣ እኛም እናመሰግናታለን። አሁንም፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየን ዩፒኤስ ጢጥ ማለት ሲጀምር እጇ ቀደማት።

ስክሪኔ ጠቆረ፤ ቀጥሎ አንድ ጽሑፍ መጣ። አንድ ፕሮግራም ገና እየሠራ ነው፣ ቢሆንም ይዘጋ ወይስ ይቅር? የሚል። መዘጋቱን ያገደው የጋሼ ማሽን ነበር። ከውስጥ ሆኖ በሩን ይዞታል። ጽሑፉ ሳይጠፋ ይቅር የሚለውን ጫንኩ።

"ዘጋሽው እንዴ?" አልኳት።

"መብራት እኮ ሄደ።"

"የጋሼ ነገር እዚህ ውስጥ ነው። ከተዘጋ የለም።"

ፊቷ ተለወጠ። ለወንድሟ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ታክሲ ውስጥ ነው፣ ዝናብ ይሰማል።

"ባትሪው አርጅቷል" አለ። "ጩኸቱ እስኪፈጥን ድረስ ቆዩ። ሲፈጥን ግን ዝጊው፣ እሺ? ዋናው ማሽን ድንገት ከጠፋ የሁላችን እንጀራ ነው የሚበላሸው።" ስልኩ ተቋረጠ።

ዩፒኤሱ የሚችለው ጓዳ ያለውን ማሽንና የእኔን ስክሪን ብቻ ነበር። ቤቱ ጨለመ፤ በበሩ የሚገባው የክረምት ብርሃን ግራጫ ነው። ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ድምፁ ዘንበል አሉ።

"አሁን ተራውን ተወው" አሉኝ። "እሷን ፈልግ። ዓይኗን ፈልግ።"

ቀጣዩን ከፈትኩ። ማሽኑ አሰበ። ጢጥ።

"ምን ይታይሃል?"

"ቀይ ነው፣ ጋሼ። መስቀል መስቀል።"

"እለፍ።"

ሌላ። "አረንጓዴ፣ ነፋስ እንዳስተኛው ሣር..."

"ሣር አትበለኝ። ዓይን አለው ወይስ የለውም?"

"የለውም።"

"እለፍ።"

ሌላ ከፈትኩ፤ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቆመ። ምንም የሚሠራ አይመስልም። የባለቤቱ እኅት ከጀርባዬ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ቁልፏ ጋ ለመመለስ አንድ እግሯን አዙራለች። መስኮቱ ከላይ ወደ ታች እየተሳለ መጣ።

"ቢጫ ክብ ነው፣ ጋሼ። ጀንበር ይመስላል፣ ዙሪያውን ጥርስ ጥርስ አለው። መሐሉ ጥቁር ነው።"

"ጥቁር?"

"ጥቁር።"

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ለሰርግ ልብስ ጥቁር አላስገባም። ጀንበርም ሠርቼ አላውቅም፤ ለሌላ የሞከርኩት ይሆናል። እለፍ፣ ልጄ፣ እለፍ።"

ፎቶ ሳላወጣው አለፍኩ። ሁለት ሌሎች ከፈትኩ፤ አንዱም ዓይን አልነበረውም። ሦስተኛው እየተሳለ ሳለ ጩኸቱ ፈጠነ፤ ጢጥጢጥጢጥ፣ የሚያባርሩት ይመስል።

"በቃ" አለች የባለቤቱ እኅት።

"አንድ ብቻ።"

"ሰምተኸዋል እኮ። የሁላችን ነው ያለው።" ድምፅዋ ሊያለቅስ ነበር። "ጋሼ፣ ይቅርታ።"

"ዝጊው" አሉ ጋሼ። "አንቺ ምን አደረግሽ።"

ቁልፏን ስትጫን ስክሪኑ ያን ጽሑፍ ዳግመኛ አመጣው፤ በዚህ ጊዜ ይዘጋ የሚለውን የጫንኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ የውስጡ መስኮት ጠፋ። ከዚያ የውጩ። ቀጥሎ ጓዳ ውስጥ ያለው ማጓራት እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፤ ያ ድምፅ እዚያ ቤት ውስጥ እንደነበረ ያወቅኩት ሲቆም ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

"ሞተ?" አሉኝ ጋሼ።

"ተዘጋ።"

"የኔውስ?"

ፍላሹን ነቅዬ፣ በአስማሚ ገመድ ስልኬ ላይ ሰካሁት። ቢያንስ የወጡት መውጣታቸውን ላረጋግጥላቸው ፈልጌ ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ከፈትኩ፤ ለቄስ ሚስት ያሉኝ ነበር። ጠርዙ ጥቁር ነው ብያቸው ነበር። ስልኬ ላይ ጠርዙ ሰማያዊ ነው። የሰማይ ሰማያዊ ሳይሆን ጥልቅ፣ ቀለም እንደነከሩት ያለ።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። እዚያም ጥቁር ያልኩት ሁሉ ሰማያዊ ነው።

ያን ጊዜ የመጣብኝ ፍርሃት እስከዚያ ከነበረው ጋር አይገናኝም። እስከዚያ የፈራሁት እንዳይጠፋ ነበር። አሁን ምን እንደጠፋ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሼ ወደ እኔ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ዓይናቸው ፊቴን እንደማያየው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፊቴን መሰወር ፈለግኩ። ዝም ብል ጥለቷ ካልከፈትናቸው ውስጥ ነበረች ብለው ራሳቸውን ያጽናናሉ። ዝም ማለት እችል ነበር። አፌ ተከፈተ።

"ጋሼ፣ ጥቁር ያልኩት ጥቁር አልነበረም።"

አልገባቸውም። ማሽኑ ሰማያዊውን ጥቁር አድርጎ ሲያሳየኝ እንደነበር፣ ያ ጀንበር ያልኩት መሐሉ ሰማያዊ መሆኑን ነገርኳቸው። ቀስ ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

"ዙሪያው ቢጫ" አሉ።

"ዙሪያው ቢጫ።"

"ጥርስ ያልከው፣ ያ ሽፋል ነው። የዓይን ሽፋል ነው።" አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

መብራት የመጣው ባለቤቱ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልሎ፣ እስከ ጉልበቱ በስብሶ ከገባ በኋላ ነው። ጓዳው አጓራ። ስክሪኔ ተነሳ፤ አረንጓዴው ኮረብታ ነበር፣ ንጹሕ። የጋሼ ማሽን የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፤ ምልክት እንኳን የለም። ባለቤቱ የሆነውን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

"መዝጋት አልነበረባችሁም። ማስተኛት ይቻል ነበር፤ እንዳለ ይተኛል፣ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይነቃል።"

"መቼ ነገርከን?" አለችው እኅቱ።

ጋሼ ልሂድ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"አንተ አይተሃታል አይደል?"

"አይቻታለሁ።"

"ካሬ ያለው ወረቀት አምጣ። ጀንበር ሳትል፣ ሣር ሳትል፣ ያየኸውን ብቻ ተናገር። ከግራ ጀምር።"

ዓይኔን ጨፈንኩ። መስኮቱ ከላይ ወደ ታች ሲሳል ታየኝ። ሁለት ነጭ፣ አንድ ቢጫ፣ እንደገና ሁለት ነጭ። እርሳሱን ይዤ አንዱን ካሬ ባጠቆርኩ ቁጥር ትክክለኛውን እያጠፋሁ እንዳይሆን እፈራ ነበር፤ የተሳሳተ ካሬ አንዴ ከተሳለ ያየሁትን ይሸፍነዋል። ጋሼ ጣታቸውን በአየር ላይ ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዳንዴ "እንዲህ ከሆነማ ቀጥሎ ይጠባል" ይላሉ፣ እኔም አዎ ጠቦ ነበር እላለሁ። ሽፋሉ ወጣ። ዓይኑ ወጣ። ከዓይኑ ሥር ያለው አንድ ረድፍ ላይ ስደርስ ግን ምንም የለም። እዚያ ጋ ስደርስ ያን ጊዜ እያየሁ የነበረው ጥለቱን ሳይሆን ጋሼን ነው፤ ከንፈራቸውን።

"ምን አለ እዚያ?"

"ነጭ ይመስለኛል። አንድ ቢጫ ጣል ያለበት።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"አይደለሁም።"

ጣታቸው አየር ላይ ቆመ። "ጻፈው" አሉ።

ወንድ ልጃቸው ጥለቱን ሠራው። ሰርጉ ግቢያችን ውስጥ በተጣለው ድንኳን ነበር። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ጋሼ ጠሯትና የነጠላዋን ጫፍ በእጃቸው ያዙ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ጣታቸው በጥለቱ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ በሽፋሉ ላይ፣ በዓይኑ ላይ። ከዓይኑ ሥር ያለው ረድፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እዚህ ጋ ነው" አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔም አላወቅኩትም።"

ሙሽራዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን አየች። "አባዬ፣ የእማዬ እንደዚህ ነበር?"

ጋሼ ጣታቸውን ወደ ላይ መለስ አድርገው ሰማያዊው ላይ አሳረፉት።

"ዓይኑ እንደዚህ ነበር" አሏት፣ ነጠላዋንም ትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት።